ሁለተኛው ዋንጫ

እንጅባራ መንገድ ዳር ቀይ የኮሶ አበባ ተንዠርግጎ ሳይ አባቴ ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ማለዳ በባዶ ሆዱ ኮሶ ጠጣ። እስከ ረፋድ የሆዱ ትል አልወጣለትም።

“አንተ ሰው፣ ታገሥ እንጂ!” አለችው እናቴ።

“ሰነፍ ኮሶ ገዝተሽ ታገሥ ትይኛለሽ?” ብሎ ሌላ ዋንጫ ደገመ።

ቀትር ላይ ሁለቱም ዋንጫ ባንድ ላይ ተነሡበት። በላይም በታችም አጣደፈው፤ ዓይኑ ፈዘዘ።

እናቴ መድኃኒት አዋቂውን ጎረቤታችንን አያ ታከለን ጠርታ እግራቸው ላይ ወደቀች። “ማርከሻ ይስጡኝ!”

“ልጄ፣ ሳይጠጣው ብትጠሪኝ ዋንጫውን እነጥቀው ነበር። ሆድ ከገባ ወዲያ ማን ያዘዋል?” አሉና እሳቸውም አጠገቡ ቁጭ አሉ።

ዛሬ የልጅ ልጆቼ ክኒኑ አልሠራም ብለው ሊደግሙ ሲሉ እቆጣለሁ። ያኔ ግን የአባቴ እጅ በእጄ ውስጥ እየቀዘቀዘ ሲሄድ፣ ከማሸት በቀር የማውቀው አልነበረም።