ድልድዩ ላይ የተደረደሩት ጫማዎች

ሰፈራችን ባኬ ጃማ ውስጥ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው ለጽዳት ሲጠራን ቀድመው የሚገኙት አንዲት ሴትዮ ናቸው። ስማቸውን ለመጠየቅ አፍሬ እስካሁን አላውቀውም። የወንድ ኮት ይለብሳሉ፤ እጅጌው ስለሚረዝምባቸው ጠቅልለውታል። “አካም ቡልተን” ብለው ሰላም ካሉን በኋላ ብዙም አያወሩም። የሰፈሩ ቦይ ክረምት ሳይገባ ካልተጠረገ ጎርፉ ቤታችን ስለሚገባ፣ እኛ ፌስታሉንና የውሃ ፕላስቲኩን እናወጣለን። እሳቸው ግን አንድ እግር ጫማ ካገኙ ሥራ ያቆማሉ። ጭቃውን በጣታቸው ጠርገው ስፌቱን ያያሉ፣ ከዚያ ከቦዩ በላይ ባለው ድልድይ ጠርዝ ላይ ያስቀምጡታል።

ባለፈው ቅዳሜ የቀበሌው ሰውዬ ጫማዎቹን አፍሶ የቆሻሻ መኪና ላይ ሊጥል ሲል ሴትዮዋ እጁን ያዙት።

“አዴ፣ አንድ እግር ጫማ ምን ያደርግልዎታል? ሌላው እግርዎ ይቀናል እኮ!” አለና አሳቀን።

እሳቸው አልሳቁም።

“ወጥቶ ለቀረው ልጄ ጫማው ሲቀደድ በቀይ ክር የሰፋሁለት እኔ ነኝ። የእነዚህንም ባለቤት እናቱ ትፈልገው ይሆናል። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ተውልኝ።”

ሰውዬው ጫማዎቹን አንድ በአንድ ወደ ድልድዩ መለሰና መኪናው እንዲሄድ በእጁ ምልክት ሰጠ።

ዛሬ እኔም ከቦዩ ጥቁር ሸራ ጫማ አወጣሁ። ሳልሰጣቸው በፊት ዞር ብዬ ስፌቱን አየሁ። ቀይ ክር እንዲኖረው ይሁን እንዳይኖረው የፈለግኩት፣ እንጃ።

“የለውም” ብዬ ሰጠኋቸው።

እሳቸው ግን ጭቃውን ጠርገው እንደገና አዩት።