ከአሜን በኋላ ምንጣፍ አይገለጥም

ይህ ነገር የደረሰብን የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በመስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ሰው ብሶቱን ሲያወራው ይቀልለዋል ይላሉ፤ እኔን ግን ባወራሁት ቁጥር እንደ አዲስ ያንገበግበኛል። 

አምቦ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ባለቤቴ ታደሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ትንሹ ልጃችን አስም አለበት። ሲነሳበት እሱን ታቅፈን ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ዳር የቆምነውን አቋቋም እግዚአብሔር ያውቀዋል። ስለዚህ የእኔን ዕቁብና የእሱን ቁጠባ አገጣጥመን አንዲት ያገለገለች የቤት መኪና ለመግዛት ቆረጥን።

ታደሰ ጌዶ ውስጥ መኪና የሚሸጥ ሰው አገኘሁ ብሎ መጣ። ኦቦ ዋቅጋሪ ይባላሉ፤ የከብት ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። አንቱ የምላቸው ለሽበታቸው ስል ነው። የአንድ እምነት ሰዎች ስለሆንን ታደሰ ገና ከቤት ሳንወጣ ልቡን ሰጥቷቸዋል። «መካኒክ ይዘን እንሂድ» ስለው «የጌታ ሰው ቤት መካኒክ ይዤ ልሄድ? ሌባ ነዎት እንደማለት እኮ ነው» አለኝ።

ጌዶ ስንደርስ ሰውየው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉን።

«አካም ጂርቱ? ደህና ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ። ቤታችን ሳትበሉ መኪና አይታይም» አሉ።

ጨጨብሳ በማር ቀረበ፣ ወተት ቀረበ። የሰው ቤት በልቶ የሰው ዕቃ ማጣጣል ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። ጠግበን፣ አመስግነን ወደ ግቢ ወጣን።

መኪናዋ ነጭ ናት፤ ታብረቀርቃለች። ታደሰ ገና ሲያያት ፊቱ በራ። እኔ ኮፈኗ ላይ እጄን ባሳርፍ ትኩስ ነው።

«ዛሬ ነድተዋት ነበር?» አልኳቸው።

«የለም እህቴ፣ ከቆመች ሰንብታለች።»

ከቆመች የሰነበተች መኪና ምን ያሞቃታል? ፀሐይ ነው እንዳልል የቆመችው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር፣ ስትበርድ አልነሳም የምትል መኪና ገዢ ከመምጣቱ በፊት አስነስተው እንደሚያሞቋት ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ዙሪያዋን መመልከት ጀመርኩ። የግራው የፊት በር ከፍ ካላደረጉት አይዘጋም። የበሩን ዙሪያ የሚይዘው ጎማ ላይ ነጭ ቀለም ተረጭቷል፤ እንደገና ተቀብታለች ማለት ነው። ከፊት መብራቶቹ አንዱ አዲስ ነው፤ ሌላው ከዕድሜ ብዛት ወይቧል። ወንበሮቹ ተቀዳደው ሳለ ወለሉ ላይ አዲስ ምንጣፍ ተለጥፏል። ወንበሩን ትቶ ምንጣፍ የሚቀይር ሰው የሚደብቀው ነገር አለው።

«ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ይህን ምንጣፍ ገለጥ አድርገን ብናየው?» አልኩ።

ታደሰ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። «አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?»

እሳቸው አልተቆጡም። ፈገግ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ግድ የለም፣ እህቴ ትጠይቅ። ግን መጀመሪያ ነገሩን በጌታ ፊት እናቅርበው» አሉና እጃቸውን ኮፈኑ ላይ ጫኑ።

ጸሎቱ ረጅም ነበር። መንገዳችንን ባረኩ። ልጃችንን በስሙ ጠርተው ባረኩ። ሊያታልለን የሚመጣውን ጠላት ሁሉ ገሠጹ። ሲጨርሱ ታደሰ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እንግዲህ አሜን ከተባለ በኋላ ምንጣፉን ልግለጥ የሚል ማን ነው? እኛ ዘንድ ከጸሎት በኋላ መጠራጠር ሰውየውን አልፎ ፈጣሪን እንደመጠርጠር ይቆጠራል። ኦቦ ዋቅጋሪ ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ውሉ ተፈረመ፣ ቁልፉን ተቀብለን ወጣን።

ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መሪዋ ወደ ግራ ይስብ ነበር። «ጎማ ይሆናል» ይላል ታደሰ። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ፣ ልጆቻችንን ይዘን ዘመድ ጥየቃ ስንሄድ፣ ወደ ጉደር የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ከፊታችን አንድ ነገር ጓ ሲል ሰማን። የግራው የፊት ጎማ ከነእግሩ ተገንጥሎ ሄደ። መኪናዋ አፍንጫዋን አስፋልቱ ላይ እየጎተተች ወርዳ ቦይ ውስጥ ገባች። የትልቋ ልጄ ግንባር ተተርትሮ ደሙ ፊቷን ሸፈነው። ትንሹ በድንጋጤ አስሙ ተነሳበት። ወደ አፉ የሚነፋለትን መድኃኒት ቦርሳዬ ውስጥ እስካገኝ ድረስ ከንፈሩ ሲጠቁር አየሁ። ከኋላችን ከባድ መኪና ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ተጎትታ ጋራዥ ስትገባ ምንጣፉ ተገለጠ። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር በብየዳ የተያያዘ ነው። የፊቱ የአንድ መኪና፣ የኋላው የሌላ ነው። ሁለት የተጋጩ መኪኖችን ቆርጠው፣ ደህና ደህናውን ገጥመው፣ በስቱኮና በቀለም አንድ አድርገው ነው የሸጡልን።

ታደሰ እዚያው ቆሞ ደወለላቸው። እኔም እንድሰማ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገው።

«ወንድሜ፣ እኔ ስሰጥህ ደህና ነበረች» አሉ ኦቦ ዋቅጋሪ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው። «ደግሞስ አብረን ጸልየንባት የለም እንዴ?»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። ልጄ ግንባሯ ተሰፍቶ አጠገቤ ቆማለች፤ ሰውየው የገዛ ጸሎታቸውን ዋስትና አድርገው ይጠሩብኛል። እንክሰስ አልኩ። ታደሰ «ወንድም ወንድሙን ፍርድ ቤት አያቆምም» አለ። ውሉም «አይቼ፣ ወድጄ ገዝቻለሁ» ይላል።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ታደሰ መኪናዋን እንደገና አስበየዳት፤ ቀለም አስቀባት፤ አዲስ ምንጣፍም አስለጠፈባት። ምን ሊያደርጋት እንደሆነ ስጠይቀው ዓይኔን ሳያይ «ልሸጣት ነው። እኛስ ተታልለን የለ?» አለኝ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። እሱ ስለ ገንዘባችን ይናገራል፤ እኔ ስለዚያ ቁልቁለት እናገራለሁ።

ገዢ ከሸነን ከተማ መጣ። ወጣት የጤና ባለሙያ ነው፤ ሚስቱ ሕፃን አዝላለች። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ታደሰ ሞተሩን አስነስቶ ሲያሞቅ በመስኮት አየሁት። ለጌዶው ሰው የነበረኝ ንዴት ከዚህ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም። እሳቸው ባዳ ናቸው። ይሄ የልጆቼ አባት ነው።

ቁርስ አቀረብኩላቸው። ከዚያ ወደ ግቢ ወጣን። ሴትየዋ በሩን ከፈት ዘጋ አደረገችና ወደ እኔ ዞራ በአክብሮት «አዴ፣ ይህ በር ለምን አይገጥምም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ታደሰ ቀድሞኝ «ቀላል ነገር ነው። ለማንኛውም በጸሎት እንጀምር» አለና አንገቱን ደፋ። ገዢውም ደፋ።

እኔ ጎንበስ ብዬ የምንጣፉን ጫፍ ያዝኩና ከነማስቲሹ ላጥኩት።

«እህቴ፣ ነይ እይ» አልኳት።

መጥታ ብየዳውን አየች። ከዚያ ሕፃኑን ከጀርባዋ አውርዳ ደረቷ ላይ ያዘችው። ባሏ ወደ እኔ ዞሮ ዝግ ባለ ድምፅ «ገለቶማ» አለኝ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው። ታደሰን ሳያዩት ወጥተው ሄዱ።

መኪናዋ በመጨረሻ ተፈታትታ ለመለዋወጫ ተሸጠች፤ ያገኘነውም የረባ ነገር አልነበረም። ታደሰ ወሩን ሙሉ አኮረፈኝ። ቀጥሎ ሽማግሌዎች ላከብኝ። ባልሽን በሰው ፊት አዋርደሻል አሉኝ። በዚያውም በየሄድሽበት የኦቦ ዋቅጋሪን ስም አታንሺ፣ ይቅር በያቸው አሉኝ። እሳቸው አሁንም ፊት ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ፣ አሁንም መኪና እንደሚሸጡ እሰማለሁ።

ከታደሰ ጋር ዛሬም አንድ ጣሪያ ሥር ነን። ልጄን ባበጠርኳት ቁጥር ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ አየዋለሁ፤ ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል። ያቺ የሸነን ሴት ግን ልጇን በሰላም እያሳደገች እንደሆነ ሳስብ ትንሽ በረድ ይልልኛል። ይቅር በይ ይሉኛል ሁሉም። ይቅር ማለት አያቅተኝም ነበር። ግን የጌዶው ሰው ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ ታደሰም አልጠየቀኝም።