ከላይ የገባችው መስመር

ትርንጎ በሰው አገር፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባል ሰፈር ካለ አንድ ቤት ስድስት ዓመት በሠራተኝነት ኖራለች። ኮምፒውተር የተማረችው በየዓርቡ፣ በዕረፍት ቀኗ ነው። ጓደኞቿ «ከመጥረጊያ ወደ ማውስ!» እያሉ ይስቁባት ነበር። የሳቁባት ሁሉ ዛሬ ስልካቸው ሲበላሽ የሚሮጡት ወደ እሷ ነው፤ ሰው እንዲህ ነው። አሁን በአለቃዋ በባሺር የኮምፒውተር ድርጅት የሰርቨር ባለሙያ ናት።

የምትጠብቀው ሰርቨር የግቢ ዘበኛ ማለት ነው። ለኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ወደተከፈተው ድረ ገጽ የሚመጣውን ሁሉ ከደጅ ይቀበልና፣ እሷ በጻፈችለት ደንብ ከኋላ ላሉት ኮምፒውተሮች ያስተላልፋል፤ ሥራ ፈላጊዋን ለአስቀጣሪው ኤጀንሲ፣ አቤቱታውን ኑሪያ ለምትመራው የሴቶች ማኅበር። ደንቦቹን ከላይ ወደ ታች ያነባል። መጀመሪያ የተስማማውን ይይዝና የቀረውን ዞሮ አያየውም።

ያን ሰኞ ጠዋት ባሺር «የኤጀንሲው የአማርኛ ገጽ አልከፈት አለ፤ ቶሎ በይ!» ብሎ ቆመባት። እሷም «በአማርኛ የመጣ ሁሉ ወደ ኤጀንሲው» የምትል መስመር ከሁሉም በላይ አስገባች። ገጹ ተከፈተ፤ ባሺርም ደስ ብሎት ሄደ።

አምስት ሰዓት ላይ ኑሪያ ደወለች።

«ትርንጎዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ አንድም አቤቱታ አልደረሰኝም። ደኅና ነው?»

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። አቤቱታ የምታቀርብ ሴትም የምትጽፈው በአማርኛ ነዋ! መዝገቡን ብታየው፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የተላከ አንድ አቤቱታ ኤጀንሲው ዘንድ ገብቷል። መስመሯን ወደ ታች አወረደቻት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የሄደ መልእክት ግን አይለቀምም።

ለባሺር ነገረችው።

«አስተካክለሻል አይደል? በቃ፣ ዝም በይ» አላት። «የደንበኛ መልእክት የሚከፍት ደግሞ እኔ ጋ አይሠራም።»

ዝም ማለቱን ሞከረችው፤ አልቻለችም። የኤጀንሲውን የመልእክት ሳጥን ከፈተች።

«ስሜ ፈትያ ነው። አምቡሊ ሰፈር ነኝ። ማዳም የደበቀችብኝን ፓስፖርት አገኘሁት። ዛሬ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ለቀትር እንቅልፍ ሲተኙ እወጣለሁ፤ ተቀበሉኝ።»

ከሥሩ ስልክ ቁጥር ነበር። ከላዩ «ተነቧል» ይላል። ኤጀንሲው የሚበላው ከማዳሞቹ ነው፤ ውሻ ደግሞ በበላበት ይጮኻል።

ደወለች። ስድስት ሰዓት አላለፈም ነበር። የድረ ገጹ ጠባቂ መሆኗን ነገረቻት።

«መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነኝ» አለች ፈትያ በሹክሹክታ። «ከኤጀንሲው ለማዳም ደውለው ነገሯት። ሻንጣዬን ፈትሻ ፓስፖርቴን ወሰደችው፤ በሩንም ቆልፋለች። እኔ ለማኅበሩ ብቻ ነበር የጻፍኩት፣ እህቴ። ማን አሳበቀብኝ?»

ትርንጎ በሰርቨሩ ልታሳብብ ዳዳት። ከቢሮው መስታወት ወዲያ ባሺር ቆሞ ያያታል። አፈረች፤ ፍርሃቷም አልለቀቃትም።

«እኔ ነኝ» አለች። «መልእክትሽን ተሳስቼ ለእነሱ የላክሁብሽ እኔ ነኝ። የቤቱን ምልክት ንገሪኝ፤ ከኑሪያ ጋር አሁኑኑ እንመጣለን።»



«አሁን ደግሞ» አለች ፈትያ፣ «አንቺን አምኜ ልንገርሽ?»