ለወንድሜ ሳጥኖች የሚሆን አምፕሊፋየር

ወንድሜን የወሰዱት ሁለት ሰዎች አምፕሊፋየሩንም አብረው ወሰዱት። ሁለቱም ሲቪል የለበሱ ነበሩ። አንደኛው የብረቱን ሳጥን አገላብጦ አየና ከጀርባው የተንዘረዘሩትን ሽቦዎች በጣቱ እየነካካ “ይሄ መልእክት ማስተላለፊያ ነው” አለ። እናቴ “ኧረ ልጄ፣ የዘፈን ዕቃ ነው” ብትለው “ዝም ይበሉ እማማ” ብሎ ዘጋት። የሸክላ ማጫወቻውን ግን አልነኩትም፤ እሱን ቡና ቤት አይተውት ይሆናል። ስፒከሮቹንም ትተዋቸው ሄዱ። ሽቦአቸው ሲነቀል ተራ የእንጨት ሳጥን ስለሚመስሉ የቤት ዕቃ መሰሏቸው መሰለኝ።

እነዚያን ስፒከሮች ወንድሜ በገዛ እጁ ነው የሠራቸው። የቴክኒክ ተማሪ ነበር። ድምፅ የሚያወጣውን ክብ ነገር ከተሰበረ የፈረንጅ ዕቃ ላይ ፈታው፤ ሳንቃውን ከአናጢ ቤት ለምኖ አመጣው፤ ፊታቸውን ያለበሰው ደግሞ በእኔ አሮጌ ቀሚስ ነው። ያኔ የምንኖረው ቀራንዮ፣ ከሰፈሩ ወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን ነበር። ወፍጮው ጠዋት ከተነሳ እስኪመሽ አያርፍም። እኛ ቤት ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው፤ አምፖላችንም ወፍጮው ጉልበቱን ስለሚሻማው ቀኑን ሙሉ ፍም መስሎ ይውላል። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሁለቱ ሳጥኖች መሀል ይቀመጥና ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ እስኪንጫጩ ድረስ ይለቀዋል። “ቀንሰው፣ ጆሮዬን አደነቆርከው” ስለው “ከወፍጮው ጋር ተወራርጃለሁ፤ ሳላሸንፈው አልተኛም” ይለኝ ነበር።

ያ ዘመን ተማሪ እንደ እህል የሚታፈስበት ዘመን ነበር። ወንድሜ ከታሰረ በኋላ ቤታችን ጸጥ አለ። ጎረቤቶቻችን ክፉ አልነበሩም፤ ፈሩ እንጂ። መንገድ ላይ ሲያገኙን ሰላምታቸው አጠረ። ማን ጆሮ ጠቢ እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ አይታወቅም። እኔ አስተማሪ ስለነበርኩ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ስቆም እንኳ በሩ ሲንኳኳ ልቤ ይወርድ ነበር።

እናቴ ስንቅ ይዛ እየሄደች በጥበቃ መሀል አንድ ሁለት ቃል ታወራው ነበር። አንድ ቀን ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠችና “ስለ እኔም አልጠየቀኝ፣ ስለ አንቺም አልጠየቀኝ፤ ‘ሳጥኖቹ ደህና ናቸው?’ ነው ያለኝ” አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስፒከሮቹን በየጠዋቱ በጨርቅ ትወለውላቸዋለች። ለጥቅምት መድኃኔዓለም እስረኞች ይፈታሉ የሚል ወሬ ሲሰማ ደግሞ “አምፕሊፋየር ፈልጊ” አለችኝ። “ሲመጣ ቤቱን እንደነበረ ያግኘው” አለች። ቤቱን እንደነበረ ካገኘው እሱም እንደነበረ ይመለሳል ብላ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደ እሷ አምኜ ነበር። ፍርሃቴም ከዚያ ነው የመጣው። የማይሆን ዕቃ ገዝቼ ሳጥኖቹን ባቃጥላቸው፣ ከእስር ቤት ሆኖ ደህንነታቸውን ለጠየቀ ልጅ ምን ብዬ ልነግረው ነው?

ኮልፌ ገበያ አጠገብ ሬዲዮ የሚጠግን ሰው ነበር። ወንድሜ ከትምህርት ቤት ቀርቶ እሱ ጋ እየዋለ ያስቆጣን ስለነበር በደንብ ያውቀናል። ስገባ ሰላም ከማለቱ በፊት እጁን ዘርግቶ የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገው።

“እንዴት ነው ልጁ?” አለኝ፣ ከንፈሩን እንኳ ሳያንቀሳቅስ።

“ይፈታል ይላሉ ጋሼ። ለስፒከሮቹ የሚሆን ያገለገለ አምፕሊፋየር ፈልጌ ነው።”

“ስፒከሮቹ ስንት ኦም ናቸው? ስንት ዋት ይችላሉ?”

እኔ የማውቀው ቀሚሴን እንደለበሱ ብቻ ነው።

“ካላወቅሽ አልሸጥልሽም” አለኝ። “ዕቃና ዕቃ እንደ ባልና ሚስት ነው፤ ካልተጠናና አንዱ አንዱን ያቃጥለዋል። ሂጂና ከፍተሽ ከኋላው ላይ የተጻፈውን አንብቢ።”

ካቻቪቴ አውሶኝ ወደ ቤት ተመለስኩ። እናቴ ብሎኑን ልፈታ ስል ስታየኝ እጄን ያዘችኝ። “አትክፈቺው! ወረቀት ደብቆበት ቢሆንስ?” አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ያንኑ ነበር። ቤታችን ሲፈተሽ ፍራሹ ተቀዷል፣ ጓዳው ተገልብጧል፣ ሳጥኖቹን ግን ማንም አልከፈታቸውም። እዚያ ውስጥ አንድ ወረቀት ከተገኘ እሱም አይፈታም፣ እኛም እንከተለዋለን። እናቴ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። የመጨረሻውን ብሎን ፈታሁት፤ ክዳኑን ሳነሳው አንድ ነጭ ነገር ቡፍ ብሎ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። “በስመ አብ!” ብዬ ወደ ኋላ አልኩ።

ጥጥ ነበር። ባዘቶ። ወንድሜ ድምፁ እንዲጠራለት ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች በባዘቶ ጠቅጥቆታል።

እናቴ ጠጋ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። “ይሄማ የኔ ጥጥ ነው” አለች። ለጋቢ ያዘጋጀችው ባዘቶ ጠፍቶባት፣ ለማንም ባትናገርም የታችኛዋን ጎረቤታችንን ጠርጥራ አኩርፋት ነው የኖረችው። “ሌባው የኔው ልጅ ኖሯል! የሰው ኃጢአት አስገባኝ” ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን አልዘለቀም፤ ጥጡን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። እኔ ቁጥሩን አነበብኩና ባዘቶውን እንደነበረ መልሼ ጠቀጠቅሁት። ኦሙ ስምንት ነው፤ ዋቱም ብዙ አይደለም።

ጠጋኙ ሁለት አምፕሊፋየሮች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልኝ። አንዱ ትንሽ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ወደ አገሩ የተመለሰ ፈረንጅ የሸጠው ነው። ሌላው ከተዘጋ ቡና ቤት የመጣ፣ ግራጫና ከባድ፣ መልኩም ካዝና የሚመስል ነበር። እኔ ወዲያው ወደ ትንሹ ሄድኩ። ስፒከሮቹ ትናንሽ ናቸው፤ ያ ግራጫው ሰይጣን ሲያዩት ያስፈራል።

“ይሄኛው አይበዛባቸውም” አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። “ሁሉም ሰው እንዳንቺ ነው የሚለው። ወንድምሽ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚሰማው፣ አይደል? ይሄ ደካማ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲያስጮኸው ድምፁ ይቆራረጣል፤ ስፒከር የሚያቃጥለውም እሱ ነው። ጉልበት ያለው ዝግ ብሎ ሲናገር ማንንም አይጎዳም። አቅም የሌለው ሲጮህ ነው ጉዳቱ።”

ስለ አምፕሊፋየር ብቻ ይሁን ስለ ሌላም ነገር አላውቅም፤ ያኔ ሰው ሁሉ ሁለት ሁለት ነገር የሚናገር ይመስለኝ ነበር። “የተሰረቀ ቢሆንስ? ዋስ አለው?” ብዬ ጠየቅሁት። ያገለገለ ዕቃ ያለ ዋስ የገዛ ሰው ነገ ባለቤቱ ቢመጣ ከሌባው እኩል ይቆማል፤ እኛ ቤት ደግሞ አንድ እስረኛ ይበቃን ነበር።

“ዋሱ እኔ ነኝ” አለኝ። “ለኔ ደግሞ መድኃኔዓለም።”

ግራጫውን ወሰድኩት። ዕቃው የሌላ አገር ኤሌክትሪክ የለመደ ስለሆነ የኛ እንደሚበዛበትና መሀል ላይ ትራንስፎርመር እንደሚያስፈልገው ነግሮኝ አንድ ከባድ ሳጥን ጨመረልኝ። ሳጥኑ ኃይል የሚጨምርና የሚቀንስ መዘውር ነበረው።

“የቤታችሁ መብራት እንዴት ነው?” አለኝ።

“ደካማ ነው። አምፖሉ ፍም ነው የሚመስለው።”

መዘውሩን ወደ ላይ፣ እስከ መጨረሻው አጠገብ አዞረው። “እዚህ ላይ ተይው፤ አትንኪው” አለ። ከዚያ ቀና ብሎ በሩን አየና “መጥቼ በዐይኔ ባየው ነበር የሚሻለው። ግን ታውቂዋለሽ...” ብሎ አቆመ። “አውቃለሁ ጋሼ” አልኩት። የኛን ደጃፍ መርገጥ ለማንም እንደማይበጅ ማወቅ አያቅተኝም።

ሁለቱን ዕቃዎች ጆንያ ውስጥ ከትቼ ፌርማታው ላይ ቆምኩ። አውቶቡስ ውስጥ ኮት የለበሰ አንድ ሰው አጠገቤ ተቀመጠና ጆንያውን አተኩሮ አየው። “ምንድነው እሱ እህቴ?” አለኝ። ማስተላለፊያ የሚለው ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። “የልብስ መስፊያ መኪና” አልኩት። ሰውየው ስወርድ አብሮኝ ወረደ፤ አብሮኝም ወደ ሰፈራችን አቀና። በፍጥነት ስሄድ ይፈጥናል፤ ስቆም ይደርስብኛል። ወንድሜን ከወሰዱት አንዱ ነው፣ አይደለም፣ እያልኩ ሰውነቴ በላብ ተጠመቀ። ደጃችን ስደርስ አለፈኝና ወፍጮ ቤት ገብቶ “እህሌ ተፈጨ?” ሲል ሰማሁት። ጆንያውን አስቀምጬ ግድግዳ ላይ ተደግፌ ቀረሁ። አለቀስኩ ብል አላፍርበትም፤ ፍርሃቱ እንደዚያ አድርጎን ነበር።

በማግስቱ ወፍጮው እያጓራ ሞከርነው። ሠራ። ድምፁ ጥርት ያለ ነበር፤ እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ አንድ ሸክላ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ወንድሜ የመጣው በመድኃኔዓለም ዋዜማ ነው። ጸጉሩ ተላጭቷል፣ ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ሳመን፤ ውሃ ጠጣ፤ ሳጥኖቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ዳበሳቸው። ግራጫውን አምፕሊፋየር አየው፣ ግን አንድም ጥያቄ አልጠየቀም። ስናናግረው “እሺ” ወይም “ደህና ነኝ” ይላል እንጂ ዐረፍተ ነገር አይጨርስም። እናቴ “ደክሞት ነው” አለች። እኔም “ደክሞት ነው” አልኩ። ሁለታችንም የምንፈራውን እናውቅ ነበር።

በበዓሉ ዕለት እናቴ ስለቷን ቀራንዮ መድኃኔዓለም አስገብታ ስትመለስ ጎረቤቶችም “እንኳን ለቤትህ አበቃህ” ለማለት ተራ በተራ ገቡ። በጥጡ የተጠረጠረችው የታችኛዋ ጎረቤታችንም መጣች፤ እናቴ ከሌላው ለይታ ሁለት ጊዜ ሳመቻት። ወንድሜ ጥግ ላይ አቀርቅሮ ተቀምጧል። ሰው ጨዋታ ለማምጣት ይሞክራል፣ ጨዋታው ይሞታል። እናቴ ጨነቃትና “በይ እንጂ፣ ዘፈኑን ክፈቺለት” አለችኝ።

ስፒናውን ሰካሁት። አምፕሊፋየሩ “እምምም” አለ። ያ ድምፅ ቀስ በቀስ እየወፈረ መጣ። የተቃጠለ አቧራ ሸተተኝ። ሸክላውን አስቀምጬ መርፌውን ልጥል ስል አንደኛው ስፒከር “ጧ!” አለ። እጄ በአየር ላይ ቀረ። የሆነ ነገር እየተቃጠለ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምኑን መንካት እንዳለብኝ ግን አላውቅም።

ወንድሜ ከጥግ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ሰው ረግጦ፣ በርጩማ ገልብጦ ደረሰና ስፒናውን ነቀለው።

“አምፖሉን እዩት!” አለ ወደ ላይ እያመለከተ። ሁላችንም ቀና አልን። ያ ፍም የሚመስለው አምፖላችን ነጭ ሆኖ፣ ዐይን እየወጋ ይበራል። “ዛሬ መድኃኔዓለም ነው፤ ወፍጮው አይሠራም። ኃይሉን የሚሻማው የለም። መዘውሩን ማን ነው እስከዚህ የሰቀለው?”

ስንት ዓመት በጎኑ የኖርንበት ወፍጮ በበዓል እንደሚያርፍ እኔም እናቴም ጠፍቶን አልነበረም። ከመብራቱ ጋር አላገናኘነውም እንጂ። ጠጋኙ ቢመጣ ኖሮ ወፍጮውን አይቶ ይጠይቀን ነበር። ያን ጊዜ ግን ስለዚህ ማን አሰበ? ልጁ ተናገረ! እናቴ እልል አለች። ጎረቤቶች ሳቁ፤ “ይኸው፣ መሐንዲሳችን ተመለሰ!” አሉ። ወንድሜ ተንበርክኮ መዘውሩን ወደ ታች መለሰው፤ ጆሮውን በየሳጥኑ ላይ አድርጎ አዳመጠ፤ “አልተቃጠሉም” አለኝ።

ስፒናውን መልሶ ሰካው፤ መርፌውንም ራሱ ጣለው። ሁላችንም ብርጭቆዎቹ እስኪንጫጩ ጠበቅን። እሱ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ቁልፍ በጣቱ ጫፍ ነካ አደረገና እጁን አነሳ። ሄዶ በሩን ዘጋው። ከሳጥኖቹ የሚወጣው ድምፅ ከሹክሹክታ አይበልጥም ነበር።

“ልጄ፣ አይሰማም እኮ” አለች እናቴ።

“ለኛ ይሰማል እማዬ። ዛሬ ወፍጮው ስለሌለ ከፍ ካደረግሁት ውጭ ድረስ ይሄዳል።”

ጎረቤቶቻችን አንገታቸውን አስግገው ለመስማት ሞከሩ። እናቴ ተነስታ አንዱ ሳጥን አጠገብ ተቀመጠችና ጆሮዋን ለጠፈችበት።

በማግስቱ ወፍጮው እንደወትሮው ጠዋት ተነሳ፤ ቀኑን ሙሉም አጓራ። ወንድሜ ግን ከዚያ በኋላ ድምፁን ከፍ አድርጎት አያውቅም።