በማጣሪያውና በፍጻሜው መካከል

ኮች ከማረፋቸው በፊት በነበረው ዓመት ዓይናቸው በጣም ደክሞ ነበር። ስኳሩ ነው። ፊት ለፊታቸው የቆመን ሰው ይለያሉ፤ ከመሙ ማዶ የሚሮጥ አትሌት ግን የሚንቀሳቀስ ቀለም ብቻ ነበር የሚሆንባቸው። ስለዚህ እኔ አጠገባቸው ቆሜ የማየውን እነግራቸዋለሁ። ገና የስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ብሆንም ለሰው ሲያስተዋውቁኝ "የሥራ ባልደረባዬ ነው" ይሉ ነበር። ሲቆጡ ደግሞ ስሜ "ዩኒቨርሲቲ" ነው።

"ደክሟታል" ካልኳቸው በቃ፣ ተቆጡ ማለት ነው። "ድካሙን የት አየኸው፣ ዩኒቨርሲቲ? ትከሻዋ ወጣ? እጇ ተበተነ? ያየኸውን ንገረኝ፤ ፍርዱን ለእኔ ተው።"

ገርጂ ከኮንዶሚኒየሞቹ ጀርባ ባለው ሜዳ ከምናሠለጥናቸው ልጆች አንዷ ከክፍለ ሀገር መጥታ አክስቷ ቤት የምትኖር ነበረች። አክስትየዋ ለሚ ኩራ ሱቅ አላት። ልጅቷን ክለብ ከያዛት ማደሪያም ደመወዝም ታገኛለች። ክለቡ በቅርቡ በሚያደርገው ምልመላ ካልተሳካላት ግን ወደ እናቷ እንደምትመልሳት አክስቷ ቁርጡን ነግራታለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የምልመላው ቀን ጠዋት ማጣሪያ፣ ከሰዓት በኋላ ፍጻሜ ነበር። ማጣሪያውን ሁለተኛ ሆና አለፈች። የመጨረሻው ዙር ላይ ግን የግራ እግሯ እንደ ቀኙ አይረግጥም ነበር። ኮች በዚያች ሰዓት ከድሮ ጓደኞቻቸው ጋር ሰላምታ ላይ ስለነበሩ አልጠየቁኝም።

ልጅቷን ጥላ ሥር አገኘኋት። ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን በሁለት እጇ ይዛለች። ኃይለኛ የቅባት ሽታ ሸተተኝ።

"ወጌሻ ጋ ሄደሻል?"

"ትናንት ማታ። ትንሽ ይዞኝ ነበር፣ አሸልኝ። ጥሩ አድርጎ ነው ያሸው፤ እያለቀስኩ ነው የወጣሁት።"

ውድድር ሲደርስ ወጌሻ ጋ መሮጥ የእኛ ልጆች ልማድ ነው። የታመመ ጅማት በዋዜማው ሲታሽ ምን እንደሚሆን ኮች ስንት ጊዜ ተናግረዋል። ልጆቹ የሚደብቋቸውም ለዚሁ ነው።

"ለኮች እንዳትነግር" አለችኝ።

"ከጠየቁኝስ?"

"ደህና ናት በላቸው። እሳቸው እንደሆነ አያዩም።" ይህን ተናግራ ራሷም ደነገጠች። "ማለቴ... አንተ፣ በማርያም። አራት ዙር እንኳ አይሞላም። ከዚያ በኋላ ቢበጠስም ይበጠስ።"

ሰውን እምቢ ማለት አይሆንልኝም። ዝም አልኩ፤ እሷ ዝምታዬን እንደ እሺታ ወሰደችው።

ለፍጻሜው ማሟሟቅ ሲጀመር ኮች ክንዴን ያዙ። "እግሯ እንዴት ነው የሚያርፈው?"

ወደ ቦሌ የሚወርድ አውሮፕላን ከላያችን እያለፈ ነበር። ድምፁ እስኪርቅ ጠበቅን። እሷ ከፊታችን በዝግታ እየሮጠች፣ አንገቷን አዙራ የምታየው እኔን ነው።

"ዝም አልክ።"

"ኮች..."

"እያየሃት አይደለም?"

"እያየኋት ነው።"

"እና?"

"የግራ ተረከዟ መሬት አይነካም። በጣቷ ብቻ ነው የምትረግጠው። ማጣሪያው መጨረሻ ላይም እንደዚያው ነበር።"

ስለ ወጌሻው አላነሳሁም። እሱን ራሷ ትንገራቸው አልኩ።

ጠሯትና ተንበርክከው ተረከዟን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ጥርሷን ነክሳ ሰማይ ሰማይ አየች።

"ማን ነው ያሸሽ?"

"ማንም።"

"ይሄ ማንም የምትዪው ጉልበተኛ ነው" አሉና ቀስ ብለው ተነሡ። "ቁጥርሽን ፍቺ፣ የኔ ልጅ።"

"ኮች፣ አክስቴ እኮ..."

"አውቃለሁ። ፍቺ።"

መርፌ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታች። ቁጥሩን ግን ለእሳቸው አልሰጠችም፤ እኔ እጅ ላይ አኖረችው።

"እንኳን ደስ አለህ" አለችኝ፤ "አሠልጣኝ ሆንክ።"

ፍጻሜው ያለ እሷ ተሮጠ። ሲያልቅ ኮች ወደ ክለቡ መልማይ እንድወስዳቸው ጠየቁኝ። ሰው ሲለምኑ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"ማጣሪያዋን አይተሃል። ተረከዟን ስላመማት ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጊዜ እያት።"

"አባቴ፣ ሁሉም አሠልጣኝ ነገ የምትድን ልጅ አለችው።"

"የእኔዋ ዛሬም ትሮጥልህ ነበር። የከለከልኳት እኔ ነኝ።"

ሰውየው ትንሽ አሰበ። "ስትድን ያምጧት። ቃል ግን አልገባልዎትም።"

ከዚያ በቀጥታ አክስቷ ሱቅ ሄድን። ልጅቷ እንባዋን እያበሰች ወደ ጓዳ ገባች። ኮች እስክትድን ድረስ እንድትታገሣት ጠየቁ።

"ካልዳነችስ?" አለች አክስትየዋ።

"ካልዳነች እኔ ራሴ እናቷ ድረስ አደርሳታለሁ።"

"እርስዎ? በዚህ ዓይንዎ?"

"ይሄ ይመራኛላ" አሉ፣ በከዘራቸው እኔን እየጠቆሙ። አክስትየዋ ሳትፈልግ ሳቀች። እስከ ክረምቱ መግቢያ ትቆይ ተባለ።

እግሯ ሳይድን ኮች አረፉ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር፤ አየችኝ፣ ሰላም አላለችኝም። ሜዳው ላይ የሚያሠለጥን እኔ ብቻ ቀረሁ፤ ልጆቹም አንድ ሁለት እያሉ መቅረት ጀመሩ። ተረከዟ ሻል ካላት በኋላ አንድ ጠዋት ስመጣ ጫማዋን እያሰረች አገኘኋት።

"የሳቸውን ፕሮግራም ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው ምን ትገተራለህ?"

ክረምቱ ሊገባ ሲል ወደ መልማዩ ደወልኩ። "የሽማግሌው ልጅ ናት? አምጣት" አለኝ። ከክለቡ ሴቶች ጋር አሮጣት። ማን ቀደመ፣ ማን ቀረ አላየሁም፤ ያየሁት ተረከዟን ብቻ ነው። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እኩል ነበር።

"ሰኞ ልብሷን ይዛ ትግባ" አለኝ ሰውየው።

ወደ መገናኛ በሚሄደው ታክሲ ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"ይቅርታ እንድጠይቅህ ነው የምትጠብቀው?" አለች።

"አይ።"

"ጥሩ። አልጠይቅህም።" በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። "ዛሬ አሞኝ ቢሆን ኖሮ ትናገር ነበር?"

"ለማን?" አልኩ። የምነግራቸው ሰው እንደሌሉ ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ።

"ለእኔ ነዋ" አለች። "እኔ ስሮጥ እግሬ አይታየኝም እኮ።"