የመስኮቱ ጆንያ

«ጥያቄ ያለው አለ?» የተባልነው የነጋዴዎች ስብሰባ ላይ ነው። እኔ ነበረኝ። መልሱ በማግስቱ በፒክአፕ መጣልኝ፤ ሱቄን በወጉ ሳልዘጋ ከጋምቤላ ገበያ መሃል ጭነውኝ ሄዱ።

የእስር ክፍሉ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሙቀቱ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ላብ፣ እርጥብ ፍራሽ። አንዲት መስኮት አለች፤ እሷም በጆንያ ተወትፋለች።

«ይሄን ማን ወተፈው?» አልኩ።

«እኔ ነኝ» አሉ ካቦው፣ የክፍሉ አለቃ። «ንፋስ ይመታናል ልጄ።»

በሰፈራ ዘመን ከደጋ የመጡ ገበሬ ናቸው። ግማሽ ዕድሜያቸውን በጋምቤላ ሐሩር ሲያልባቸው ኖረው፣ ዛሬም ንፋስ ይፈራሉ።

ጥግ ላይ ከኢታንግ የመጣ አንድ ረጅም ሰው ነበር። እግሩን ሲዘረጋ የጎረቤቱን ፍራሽ ያቋርጣል። ያስላል። ሳሉን ስለፈራን ሳህኑንና ኩባያውን ለየንበት። ጥንቃቄያችን ለጉድ ነው፤ ሳህን ለይተን፣ መስኮት ወትፈን፣ እሱ ያሳለውን አየር ተካፍለን እንተኛለን።

አንድ ቀን፣ ቀደም ብላ አክታውን ወስዳ የነበረችው ነርስ ውጤቱን ይዛ ተመለሰች።

«መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ነው» አለች። ከዚህ በፊት ታክሞ ሲሻለው ክኒኑን አቋርጦ ነበርና በሽታው መድኃኒቱን ናቀው። ቶሎ ገባኝ። ቅናሽ የለመደ ደንበኛ አውቃለሁ፤ በቀድሞው ዋጋ አትመልሰውም።

«እኛማ ሳህኑን ለይተናል» አሉ ካቦው ኮራ ብለው።

«ሳህኑ ምን አደረገ አባባ? በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው። ጆንያውን ያውጡልኝ!»

ለእሱ ከግቢው ማዶ፣ ማንጎው ሥር ያለችውን ክፍል አስለቅቃለች። በሽታው ወደ ሰው የማይተላለፍ እስኪሆን አዲሱን ክኒን እየዋጠ እዚያ ይቆያል። እሱ ግን ጨለማ ቤት መሰለው።

«እኔ አልሄድም። ምን አጠፋሁ? እዚያ ብቻዬን ከሆነ ክኒን አልውጥም። ለማን ብዬ?»

ነርሷ ለመነችው። ፖሊሱ ዱላውን አሳየው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ይሄንንም ካቋረጠ የሚያድነው መድኃኒት ማግኘት ከባድ ነው» አለችን ነርሷ ቀስ ብላ።

በዚያ ክፍል ወግ፣ የተፈታ ሰው በዘፈን ይሸኛል። ላልተፈታ ተዘፍኖ አያውቅም።

«ጋሼ፣ ለምን አንዘፍንለትም?» አልኳቸው ካቦውን።

«አልተፈታማ!»

«ከእኛ ትንፋሽ ተፈቷል። እሱስ ቀላል ነው?»

ካቦው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ተነስተው መጀመሪያ ጆንያውን ጎትተው አወጡት። አቧራው ቦነነ፣ ብርሃን ገባ። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው በወፍራም ድምፃቸው የሙሽራ ዘፈን ጀመሩ። እኛ በጭብጨባ ተቀበልን። አንዱ በኑዌርኛ፣ ሌላው በአኙዋክኛ የየራሱን ጨመረበት፤ ምን ብለን እንደዘፈንን አንዳችንም አናውቅም። ረጅሙ ሰው መጀመሪያ ተቆጣ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ሳል ሲሆንበት ነርሷ ማስክ አጠለቀችለት። ፍራሹን ተሸክሞ ልክ እንደ ሙሽራ እየተጀነነ ወጣ። ፖሊሱ «ዝም በሉ!» ይላል፤ እግሩ ግን ምታችንን እየመታ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በተከፈተችው መስኮት አየነው። ማንጎው ሥር ቆሞ ነርሷ ፊት ክኒኑን ዋጠ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ ባዶ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተልን። አጨበጨብንለት። እኔ እስክፈታ ድረስ አንድም ጠዋት አላስተጓጎለም። ካቦውንም ንፋስ አልመታቸውም፤ ባስነጠሱ ቁጥር ግን እኔን በዓይናቸው ይገላምጡኛል። የእኛም አክታ ተመርምሮ «ነጻ ናችሁ» ተባልን። እዚያ ግቢ ይሄን ቃል የሰማነው ያኔ ብቻ ነው።

ዛሬ ሱቄ ሁለት መስኮት አለው፤ ሁለቱም ክፍት ናቸው። ባጃጅ ስሳፈር ሸራውን እገልጣለሁ፣ ሾፌሮቹ ይነጫነጩብኛል። ባለፈው የገበያ ቀን ሱቁ በሰው ተጨናንቆ ሳለ በሩ ድንገት ጨለም አለ። ቀና ስል ረጅሙ ሰው ጎንበስ ብሎ ገባ። ወፍሯል። ሰላም እንኳ አላለኝም፤ አፉን እስከ ጉሮሮው ከፈተልኝ።

ሚዛኑን ትቼ አጨበጨብኩ።

«ምን አሳይቶህ ነው?» አለችኝ ስኳር የምትጠብቅ ሴት።

«ምንም» አልኳት። እውነቴን ነው፤ አፉ ውስጥ ምንም አልነበረም።