ሐኪሙ ያላዘዘው ሙዚቃ

ሕመሜ የጀመረው ከእግሬ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከጓሮ ወደ ቤት ስገባ ልጄ መቅደስ፣ «አባዬ፣ የግራ ጫማህስ?» አለችኝ። ዞር ብዬ ባይ ነጠላ ጫማዬ ጎመኑ መሃል ቀርቷል። እግሬ ጫማውን ጥሎ ሲመጣ ምንም አልነገረኝም። «ሰባ አራት ዓመት አብረን ኖረን አሁን መደባበቅ ጀመርን» አልኩ። እሷም ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። ያን ዕለት ሆስፒታል መሄድ ሲገባኝ ቀልዷን ለሦስት ጎረቤት ደገምኳት። ይህን የምጽፈው ስትሮክ ለመታችሁና የተመታ ሰው ለምታስታምሙ ነውና ከወዲሁ ልናገር፦ እግር ጫማውን ከረሳ አትቀልዱበት።

ዓርብ ዕለት አዴ ሹሜ አረፈች። የኦቦ ደቻሳ ሚስት ናት። ደቻሳ የአርባ ዓመት ጓደኛዬና ጎረቤቴ ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት ነው ጡረታ የወጣነው፤ እሱ እርሻ ያስተምር ነበር፣ እኔ ዩኒት ሊደር ነበርኩ። ቤታችንን የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ጸሎት ተደርሶ ሰው ጸጥ አለ። ሳቅ መጣብኝ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ልቤ አዝኗል። ሆዴ ግን ተንፈራፈረ። ጋቢዬን አፌ ውስጥ ጠቀጠቅሁ። ባሰ። ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ማቆም አልቻልኩም። ደቻሳ ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ አቀረቀረ። ተነሥቼ ወጣሁ።

ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ነካው?» ይባልለት ነበር። እኔ ግን በሠርግ ላይ ሙሽራ፣ በእድር ስብሰባ ላይ ሊቀመንበር ሳስቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። «አንድ ቀልድ ትዝ ብሎት ይሆናል» ተባለ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጠራቅመው የኖርኩት ስም በአንድ ቀን መጥቶ ላዬ ላይ ወደቀ። ሳያመኝ ስንት ጊዜ አመመኝ ብዬ ቀልጃለሁ፤ ሲያመኝ ማን ይመነኝ?

ሰኞ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ወደቅሁ። አፌ ወደ ቀኝ ሄደ። ግራ እጄ ተንጠለጠለ። መቅደስ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰችኝ። ሲቲ ስካን ለመነሣት እስከ አዳማ ወረድን። ሐኪሙ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው፤ ቀስ ብሎ ይናገራል። «አባቴ፣ ስትሮክ ነው። ትንሽ ነው፤ ግን የመጀመሪያዎ አይመስለኝም» አለኝ። ቀጥሎ፣ «ያለ ምክንያት ይስቃሉ? ያለቅሳሉ?» ሲል ጠየቀኝ። ስለ ድንኳኑ ለመንገር አፈርኩ። «ኧረ በፍጹም» አልኩ፤ እያልኩም ሳቁ ለቀቀብኝ። ሳቁን እስክጨርስ ብዕሩን ይዞ ጠበቀኝ።

«ይሄ ሱዶቡልባር አፌክት ይባላል» አለ። «ስሜትንና ፊትን የሚያገናኘው መስመር ነው የተጎዳው። ሲስቁ ደስ ብሎዎት አይደለም።» ለግፊቴ አምሎዲፒን፣ ለደሜ አስፕሪን፣ ለሳቄ አሚትሪፕቲሊን የምትባል ትንሽ ኪኒን አዘዘልኝ። በየቀኑም ሳሎኑን ሃያ ጊዜ እንድመላለስ ነገረኝ።

ቤት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ መዋሸት ሆነ። መቅደስን «ግፊት ነው፣ ዕረፍት ታዞለታል በይ» አልኳት። ጠያቂ ሲመጣ «ተኝቷል» ትላለች። የተጣመመ አፌን ሰው እንዳያይ ነው። ሰው ሁሉ ለቅሶ ቤት ይመላለሳል። እኔ በቅርብ ያለሁት አልሄድኩም። ደግሞ ብስቅስ?

ሳሎን መመላለስ አሰልቺ ነው፤ ከወንበር ተነሥቶ እስከ በር፣ ከበር እስከ ወንበር። አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ስንፏቀቅ መቅደስ ስልኳን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝታ አንድ ነገር ታያለች። አዳራሽ ሙሉ ሰው፣ ጥቁር የለበሱ ሰባ ሰማንያ ሙዚቀኞች፣ ከኋላቸው የቆሙ መዘምራን። አንዲት ሴት ቀጭን ጥቁር መሣሪያ ትነፋለች፤ ድምፁ የሚጣራ ሰው ይመስላል። ቫዮሊኖቹ ከሥር ገቡ፣ ከዚያ መለከቶቹ፣ ከዚያ ከበሮው። መሪያቸው በገብስ ማሳ ላይ ወፍ የሚያባርር ነው የሚመስለው፤ ግን ወፎቹ ሁሉ ይታዘዙታል። የሆነ ንጉሥ የሚቀበርበት ሥርዓት መሰለኝ። ቆቤን አወለቅሁ።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» አለች መቅደስ።

«ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። የጌም ሙዚቃ እኮ ነው! የቪዲዮ ጌም።»

ዩኒት ሊደር ሳለሁ በገበያ ቀን ጌም ቤቶቹን እየዞርኩ ስንት ተማሪ በጆሮ ጎትቼ አውጥቻለሁ! «የሥራ ፈት ጩኸት» እለው ነበር። ያንን ጩኸት ነው አሁን ቆቤን አውልቄ የቆምኩለት። እንባዬ ወረደ። መቅደስ ኪኒኔን ልታመጣ ተነሣች፤ ያዝኳት። ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔና ልቤ አንድ ነገር እያደረጉ ነበር።

በማግስቱም ክፈቺልኝ አልኩ። መቅደስ ኮምፒውተር ነው የምታስተምረውና ነገሩን አስረዳችኝ። ጌም ላይ ተጫዋቹ ወንዙን እስኪሻገር፣ ተራራውን እስኪወጣ ድረስ ዜማው እየተመለሰ ይጠብቀዋል፤ ሰነፍ ቢሆን እንኳ ጥሎት አይሄድም። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሳሎኔ ሌላ አገር ሆነ። ቫዮሊኖቹ ሲጀምሩ ከወንበሬ እነሣለሁ፣ መለከቱ እስኪመጣ በሩ ጋ ለመድረስ እጣደፋለሁ፣ ካልደረስኩም ዜማው ዞሮ ይመጣልኛል፤ ሃያው ሠላሳ፣ ሠላሳው አርባ ይሆናል። የጦርነቱን ሙዚቃ ሲጫወቱ በምርኩዜ የማላውቀውን ጠላት እየወጋሁ ቴሌቪዥኑን ልሰብረው ምንም አልቀረኝም። ጆሮዬ ደክሟልና ድምፁን እስከ መጨረሻው እከፍተዋለሁ። ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ከብዙ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በእኛ ሰፈር ጎረቤት ሐዘን ላይ ሲሆን ቢያንስ እስከ አርባው ራዲዮ እንኳ ጮክ ተደርጎ አይከፈትም። አውቃለሁ። ሌሎችን በዚህ ስገሥጽ የኖርኩ ነኝ። መቅደስም «አባዬ፣ ጋሼ ደቻሳ ይሰማሉ» ብላኝ ነበር። «ግድግዳው ወፍራም ነው» አልኳት። ግድግዳው የጭቃ ነው።

አፌ ትንሽ ሲቃና ሦስት ሽማግሌ ወደ ደቻሳ ላክሁ፤ የሲቲ ስካኑን ፊልምም አስያዝኳቸው። የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወርቁ ፊልሙን ግቢዬ ውስጥ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ገለባበጠውና፣ «ሳቁ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለኝ። ነጩን ነጥብ አሳየሁት። «ይቺ ናት እንዴ ይህን ሁሉ ሰው ያሳፈረችው?» አለ።

ሲመለሱ ጋሽ ወርቁ አልተቀመጠም። «ሳቁን ይቅር ብሏል» አለ። «ፎቶውንም አይቶ 'ምነው አልነገረኝም' ብሎ አዝኗል። ግን 'ሙዚቃውስ?' አለን። ሹሜ ከሞተች ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ይሰማዋል። ምን እንበለው? ለሱም ወረቀት አለህ?»

አልነበረኝም። ታዲያ ምን አደረግሁ? ለቀጠሮዬ ሆስፒታል ስሄድ ሐኪሙን ሙዚቃውን ያዘዘልኝ እሱ እንደሆነ አድርጎ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። በሰባ አራት ዓመቴ፣ እንደ ቀሪ ተማሪ የሐሰት ወረቀት!

«አባቴ፣ እኔ ያዘዝኩት እንዲራመዱ ነው» አለ። «ሙዚቃውን የሰሙት ስለወደዱት ነው። ደስታ በሽታ አይደለም፤ ልጽፍልዎ አልችልም።»

ሳቁ በሽታዬ ነበር። ሙዚቃው ግን እኔ ነኝ። ጓደኛዬ ሐዘን ላይ ተቀምጦ እኔ አጥር ማዶ ስጨፍር ነበር፤ ለዚህ ፊልም አይነሣለትም።

ቴሌቪዥኑን ዘጋሁ። አራት ቀን አልከፈትኩም። በአምስተኛው ምርኩዜን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። በሁለቱ በሮች መካከል ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለት ጊዜ ቆምኩ።

ደቻሳ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ጢሙ አድጓል።

«ያ ሁሉ ሙዚቃ ጌም ነው» አልኩት። ሌላ መግቢያ አጣሁ። «ማንም አላዘዘልኝም። ደስ ስላለኝ ነው። አንተ እዚህ ሆነህ እኔ እዚያ ደስ አለኝ።» ይህን ስል የፈራሁት መጣ። ሳቁ። ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ።

ደቻሳ አልተቆጣም። እንደ ሐኪሙ ጠበቀኝ። ጸጥ ስል፣ «ማል ታቴ?» አለኝ በኦሮምኛ፤ ምን ሆንክ ማለቱ ነው። ዱሮም ነገር ሲከብደው ወደ ኦሮምኛ ይዞራል። ከዚያ ቀጠለ።

«ሰው ሁሉ አንድ ሳምንት መጥቶ ሄደ። ቤቱ ጭር አለ። ያ ሙዚቃህ ሲጀምር በመጀመሪያው ቀን ረገምኩህ። በሁለተኛውም። ከዚያ ሰዓቱን መጠበቅ ጀመርኩ፤ እየተናደድኩም ቢሆን 'በሕይወት አለ' እል ነበር። ባለፈው ሲቋረጥ ግን ሞተ ብዬ እስከ አጥሩ መጣሁ። በቀዳዳው ግቢህ ውስጥ ስትራመድ አየሁህ። መሄድ ትችላለህ። ለምን አልመጣህም አንተ? የቀየምኩህ በዚህ ነው።»

ወንበር ሳበልኝ። እስኪመሽ ድረስ ስለ ሹሜ አወራልኝ፤ ሁለቴ ሳቅሁ፣ ሁለቴም ንግግሩን ሳያቋርጥ አለፈኝ።

ሐኪሜን አመሰግናለሁ፤ ከጻፈልኝ ይልቅ ስላልጻፈልኝ። መቅደስን አመሰግናለሁ። ስማቸውን የማላውቃቸውን እነዚያን ጥቁር ለባሾች፣ በተለይ ቀጭኗን መሣሪያ የምትነፋውን ሴት አመሰግናለሁ፤ በጆሮ የጎተትኳችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ይህን ካነበባችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ። አሁን የግራ እጄ ቁልፍ ይቆልፋል፣ እግሬም ጋሽ ወርቁ ቤት ድረስ ይሄዳል።

በሽተኞች ሆይ፣ ኪኒናችሁን በሰዓቱ ዋጡ፣ ሳቁንም ልቅሶውንም ለሐኪም ሳትደብቁ ንገሩ፣ የሚያስደስታችሁን ስሙ፤ ድምፁን ብቻ ቀነስ አድርጉ። የሚያዝን ወዳጅ ካላችሁ ግን ሽማግሌ አትላኩ፣ ፊታችሁም እሺ እስኪላችሁ አትጠብቁ። የእኔ ዛሬም አልፎ አልፎ እምቢ ይለኛል፤ ይዤው እሄዳለሁ።